ከጃኬት በላይ የተለበሰ ሹራብ

ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ… ከዚያ ፀጥ፤ ከዚያ እንደገና ዱብ። በዚያ ሰፈር ያደገ ሰው ያንን የማለዳ ድምፅ ዛሬም ቢሰማው አይስተውም። ጋዜጣ አዳዩ ሞተር ብስክሌቱን እያባበለ ሲያስነሣ ነው። ብርድ ሲጠና ሞተሩም እንደ ጌታው ከእንቅልፉ መነሣት አይወድም ነበር። ከዚሁ ድምፅ የተነሣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰውየውን «ዱብዱብ» ይለው ነበር፤ ቅር ብሎት ግን አያውቅም።

ይህ ታሪክ ግን ይበልጡን የሚስቱ ነው። ሙያዋ ሹራብ መሥራት፣ አመሏ መጠየቅ። ልጅ ሳለች የአባቷን የኪስ ሰዓት ውስጡን ልየው ብላ ፈትታ፣ መግጠሙ ጠፍቷት ቀርታለች ይባላል። አንድ ነገር «ለምን?» ካሰኛት እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም።

በዚያ ዓመት የብርዱ ወራት ሲቃረብ ለባሏ ወፍራም ቡናማ ሹራብና ጓንት ሠራችለት። ጣቶቿን እያመማት የጨረሰችው ነውና፣ በመጀመሪያው ማለዳ «እስቲ ዞር በል፤ እንዴት እንደሚያምርብህ ልየው» አለችው። እሱም ሹራቡን ከስሱ ጃኬቱ በላይ አጥልቆ ዞረላት። ልማድ ሆኖ ቀረ። በየማለዳው በር ላይ ይቆማል፣ አንዴ ይዞራል፣ «በይ ደህና ዋይ» ይላል፣ ይወጣል። የድሮ የቆዳ ጓንቱም መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ተኛ።

አንድ ቀን ዱብዱብ ጋዜጣውን ሳያዳርስ ተመለሰ። የሞተሩ መስታወት ተሰብሯል፣ የእጁ ጣቶች ኖራ መስለዋል።

«ከሐይቁ በላይ ባለው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ፍሬኑን ጨብጫለሁ ብዬ ነበር» አለ። «ለካ ጣቶቼ አልጨበጡትም። የመንገዱ ዳር ግንብ ባይዘኝ ሐይቁ ውስጥ ነበርኩ።»

ይህን ብሎ እጆቹን ወደ ምድጃው ሰደደ።

«ተው አንተ ሰው» አሉ ሲስተር። ሲስተር ከጎን ቤት የሚኖሩ ጡረተኛ ነርስ ናቸው፤ ሞተሩ ያለ ሰዓቱ ሲመጣ ሰምተው ተከትለውት ገብተዋል። «የደነዘዘ ጣት ቢቃጠልም አያውቅም። ለብ ያለ ውኃ አምጪ፤ ለብ ያለ ነው ያልኩሽ።»

ሚስቱ ውኃውን አቅርባ ጣቶቹን ልታሽለት ስትል እጇን ያዙት።

«እሱንም ተዪው። ይነከርና ራሱ ይመለስ።»

ቀስ በቀስ ደሙ ሲመለስ ዱብዱብ ጥርሱን ነክሶ አቃሰተ።

«ማመሙ ደግ ነው» አሉ ሲስተር። «ባያምህና እንደነጡ ቢቀሩ ኖሮ አሁን ሐኪም ቤት ነበርን።»

ሚስቱ ግን ዓይኗ መስኮቱ ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር ላይ ተተክሎ ቀርቷል። «ትናንትም ልክ እዚሁ ላይ ነበረ፤ ትናንት ደግሞ ጣቱ ደህና ነበር። ይሄ ነገር ይዋሻል እንዴ፣ ሲስተር?»

«ትናንት ነፋስ ነበረ?»

«አልነበረም።»

«ታዲያስ። ገላሽ በዙሪያው ስስ የሞቀ አየር ይለብሳል። ነፋስ ሲመጣ ያንን ይገፍፍሻል። ሞተር ላይ የተቀመጠ ደግሞ በላዩ የገዛ ራሱን ነፋስ ይሠራል። ቴርሞሜትሩ ምን ሙቀት አለውና ምን ይገፈፋል?»

ባሏን እንቅልፍ ሲወስደው የጠየቀችውን ልታይ ተነሣች። ቴርሞሜትሩን አውርዳ የቤቱን ሙቀት እስኪለምድ ቆየችና የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ፊት አቆመችው፤ ቀዩ መስመር ንቅንቅ አላለም። እጇን አጠገቡ ብታደርግ ወዲያው ቀዘቀዛት። እውነት ነው ማለት ነው፤ ደስ አላት። ከዚያ ሻማ ለኮሰችና በማራገቢያውና በሻማው መካከል ጃኬቱን ዘረጋች። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። በጃኬቱ ፋንታ ሹራቡን ዘረጋች። ነበልባሉ ተጋደመና ጠፋ።

ደግማ ለኮሰች። ደግሞ ጠፋ። ያንን ሁሉ ጊዜ ጣቷን እያመማት የቋጠረችውን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች።

አመሻሹ ላይ «ከነገ ጀምሮ ሹራቡን ከጃኬቱ ሥር ልበሰው» አለችው።

«ከሥር? ማን ሊያየው?»

«ነፋሱ እንዳያየው ነው የምልህ። ይበርድህ ነበር?»

«ትንሽ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ዱብዱብ ሻዩን አማሰለ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። «ከዞርኩልሽ ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ አፍ የለህም?»

«ስታዪው ደስ ብሎሽ ነዋ።»

ትቆጣ ትሳቅ ቸግሯት ተነሥታ መሳቢያውን ከፈተች።

በማግስቱ ነፋሱ መስኮቱን ሲያንኳኳ እሷው አለበሰችው። ሹራቡ ከውስጥ፤ ደረቱ ላይ የታጠፈ የትናንት ጋዜጣ፤ ከላይ ጃኬቱ እስከ አንገቱ ተቆልፎ። በሱፍ ጓንቱ ላይ ሰፊው የቆዳ ጓንት ገባ።

«ያረጀ ወሬ ያሞቃል እንዴ?» አለ ደረቱን እየነካ።

«ከአዲሱ ይሻላል። አዲሱ ራሱ ብርድ ብርድ ያሰኛል። ጣትህ መደንዘዝ ሲጀምር ደግሞ ቁም፤ ብብትህ ውስጥ ክተተው። ጋዜጣው ቢዘገይ የሚሞት ሰው የለም።»

«እሺ፣ ሲስተር» አላት።

በሩ ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ቆመ። ሊዞር አለና ራሱን ቁልቁል አየ፤ የሚያሳየው ነገር የለም። እሷም ጣቶቹን አየች። እሱም ገብቶት ጓንቱን እንደለበሰ አንድ ጊዜ ጨብጦ፣ ፍሬን እንደሚይዝ አድርጎ፣ ዘረጋላት።

ከዚያ የቤቱ ሙቀት እንዳያመልጥባት በሩን ጠበብ አድርጎ ከፈተና ሾልኮ ወጣ፤ «ደህና ዋይ» እንኳ ሳይል።