የራሴን ሽማግሌዎች የነዳሁ ዕለት

ይህ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። የማልረሳው በሁለት የኋላ ጎማ ሰበብ ትዳሬ ሳይጀመር ከመቅረት ለጥቂት ስለተረፈ ነው።

የምኖረው ሮቤ ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ብርቱካን የምትባል የዲንሾ ልጅ ወደድኩ፣ እሷም ወደደችኝ፣ ቤተሰቦቿ ዘንድ ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ተቆረጠ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። አጎቴ ጌታሁን፣ የንስሐ አባታችን መምሬ ወልዴ እና የሰፈራችን ትልቅ ሰው ኦቦ ቱሉ።

በወጋችን አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል። እኔም ጥፍሬን ልበላ ተዘጋጅቼ ነበር። ታዲያ መኪናዬን ሊነዳልኝ የተስማማው ጓደኛዬ በዚያው ጠዋት ሆዱን ቆረጠውና ተኛ። ከሦስቱ ሽማግሌዎች መሪ የጨበጠ የለም። ቀጠሮ ማፍረስ ደግሞ አይታሰብም፤ የብርቱካን አባት በቀጠሮ ቀልድ አያውቁም ተብለናል።

አጎቴ ትንሽ አሰበና፣ "አንተው ንዳ" አለኝ። "ከቤተሰቧ መልክህን የሚያውቅ የለም። ሹፌር ነህ። ከመኪና አትወርድም፣ አፍህን አትከፍትም።"

መኪናዋ ዕድሜዋ ከእኔ የማያንስ አሮጌ ፎርዊል ናት። ክረምቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ ጭቃ ላይ ተገትራ ከርማለች። ለዚያ ቀን ብዬ አሳጠብኳት፣ ወንበሯን አዲስ ጨርቅ አለበስኳት፣ ሽቶም አንጠለጠልኩባት። ከወለሏ በታች ያለውን ግን አላየሁም። ሽማግሌ የሚቀመጠው ወንበር ላይ ነው ብዬ ይሆናል።

ከሮቤ እንደወጣን መኪናዋ ከበዳት። ነዳጅ እሰጣታለሁ፣ እሷ ታቃስታለች። ሦስት ሽማግሌ መጫን ቀላል አይደለም ብዬ አለፍኩት፤ በተለይ መምሬ ቀጭን አይደሉም። ዳገቱ ሲጀምር የተቃጠለ ነገር ሸተተን። መምሬ መስኮት ከፈቱ። አጎቴ "ሽቶው ነው" አለ። ኦቦ ቱሉ ወደ ውጭ እያዩ ዝም አሉ።

የኦቦ ቱሉ ዝምታ ያስፈራል። መንገድ ላይ በሚያጋጥም ምልክት፣ ሚልኪ በሚሉት ነገር፣ አጥብቀው ያምናሉ። ሚልኪው ከከፋ ሽማግሌ ከመንገዱ ይመለሳል፤ ከተመለሰ ደግሞ የእኔ ነገር አበቃ።

ዳገቱ መሃል አቆምኩ። ሞተር ወይም ፍሪሲዮን ይሆናል ብዬ ኮፈኖውን ከፍቼ እንደሚያውቅ ሰው ትክ ብዬ አየሁ። ያኔ አጎቴ ጮኸ። "አንተ! ጎማው ሥር ድንጋይ አላደረግህም! የእጅ ፍሬንም አልያዝክም!"

እውነቱን ነው። ማርሹ ዜሮ ላይ ነው፣ የእጅ ፍሬን አልተያዘም፣ ድንጋይም የለም። መኪናዋ ግን በዚያ ዳገት ላይ እንደ ግትር በቅሎ ቀጥ ብላ ቆማለች። ሌላ ሹፌር ቢሆን ችግሩን እዚያው ያውቀው ነበር። እኔ ጭራሽ ደስ አለኝ። "ጠንካራ ናት" አልኩ።

"ሚልኪን ኩን ጋሪ ሚቲ" አሉ ኦቦ ቱሉ። ምልክቱ ጥሩ አይደለም ማለታቸው ነው። "ወደ ፊትም አልሄድ፣ ወደ ኋላም አልል ካለች እንግዲህ ምን ትበል? አፍ የላት! እንመለስ።"

ያዳኑኝ መምሬ ናቸው። "ኦቦ ቱሉ፣ ወደ ኋላ አልመለስም ማለቷ እኮ ጥሩ ምልክት ነው" አሉ።

ኦቦ ቱሉ አሰቡበት። "ቶሌ፣ እሺ" አሉ በመጨረሻ። "ሌላ ምልክት ካየሁ ግን በእግሬም ቢሆን እመለሳለሁ።"

እነሱ ሲከራከሩ መኪናዋ ቀዝቅዛ ኖሮ ስንነሳ ተፍታታች። ጥቂት ከሄደች በኋላ ግን ያው ሆነች። እንዲሁ እያቃሰተችና እየሸተተች ዲንሾ ደረስን።

ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ እኔ መኪና ውስጥ ቀረሁ። በሩ ክፍት ስለሆነ ይሰማኛል። እንደ ወጉ "ተቀመጡ" ተባሉ፤ እንደ ወጉም "የመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም" አሉ። አጎቴ ጉዳዩን በረጅሙ ተናገረ። የብርቱካን አባት ጋሽ ደበበ "ልምከርበት" ብለው ወጡ። ከዘመድ ጋር ሊመክሩ መስሎኝ ነበር። ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ።

ጋሽ ደበበ ዕድሜያቸውን ከባድ መኪና ላይ ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ያዩት ግን መኪናዋን ሳይሆን ውሻቸውን ነው። ውሻው የኋላ ጎማዬ ሥር ጥቅልል ብሎ ተኝቷል። የዲንሾን ብርድ የቀመሰ ውሻ እንግዳ መኪና ሲቆም ሄዶ ሥሩ ይሞቃል።

"ይሄ ውሻ ሁልጊዜ ሞተር ሥር ነበር የሚተኛው" አሉ ጋሽ ደበበ። "ዛሬ ከኋላ ምን አገኘ?"

ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ቸርኬውን ነካ አደረጉት። ጭስስ አለ። በወዲያ በኩል ያለውንም የኋላ ጎማ ነኩ፣ ጭስስ። የፊቶቹ ግን ቀዝቃዛ ናቸው።

"ሹፌር! ውረድ። ክሪክ አለህ?"

ጋቢያቸውን አጥሩ ላይ ጣሉት። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አነሳንና በእጃቸው ሊያዞሩት ሞከሩ፤ አልዞር አለ። የእጅ ፍሬኑን ገመድ አላሉት፤ ጎማው ወይ ፍንክች። የፍሬን ዘይቱን መተንፈሻ ከፈቱ፤ ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጣ፣ ጎማው ግን እንደያዘ ነው።

"ግፊቱ ወጥቶም ካልለቀቀ ጥፋቱ የቱቦው አይደለም። ካሊፐሩ ራሱ ነው" አሉ።

ጎማውን ፈተን አየነው። የፍሬን ሸራውን የሚጨብጠው ካሊፐር የሚንሸራተትባቸው ፒኖች በዝገትና በደረቀ ጭቃ ተጣብቀዋል። እግሬን ከፍሬን ላይ ባነሳም ሸራው ዲስኩን አይለቅም። ከሮቤ እስከ ዲንሾ ፍሬን እንደረገጥኩ መጥቻለሁ ማለት ነው።

"የማን መኪና ነው?" አሉኝ።

"የ... የአግቢው።"

ጋሽ ደበበ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። "እንግዲያው ምክሬን ጨርሻለሁ። ፍሬኑን የማያይ ሰው ልጄን ያያታል? ሽማግሌ በዚህ ጭኖ ከላከ፣ ልጄን በምን ሊጭናት ነው? አልሰጥም" አሉና ወደ ቤት ዞሩ።

አፍህን አትከፍትም ተብያለሁ። ግን ማን ዝም ይላል?

"ጋሽ ደበበ! ጥፋቱ የልጁ አይደለም፣ የእኔ ነው!"

ቆሙ። "የአንተ?"

"አሠራት ብሎ ስንት ጊዜ ነግሮኛል። እኔ ነኝ በስንፍና ያሳለፍኩት። እሱ ምን ያድርግ፣ ሰው ያምናል።"

አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ። ሹፌሩ ግዴለሽ ነው፣ እንቅልፋም ነው፣ ወሬኛ ነው አልኩ። አግቢው ደግሞ ጨዋ ነው፣ ታጋሽ ነው፣ ለእናቱ አዛኝ ነው አልኩ። ራሴን እንደዚያን ቀን ሰድቤም አመስግኜም አላውቅም።

"ይጠጣል?"

"ኧረ በፍጹም!" አልኩ። የምጠጣው በዓል ሲሆን ብቻ ነው።

"ይቆጣል?"

"እኔን እንኳ ተቆጥቶኝ አያውቅም።"

ሌላ አልጠየቁኝም። ፒኖቹን ነቅለን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግን፣ ግራሶ ቀብተን መለስን። የወዲያውንም ጎማ እንዲሁ አደረግን። ዘይት ጨምረን አየሩን አስወጣን። ጋሽ ደበበ ጎማውን በአንድ ጣት ሲገፉት እየዞረ ቀረ። ያን ሁሉ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ቤት ውስጥ ቆመው ነበር። መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም ብለዋላ! መምሬ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እግራቸው ሲያርፉ በበሩ ይታዩኛል።

ጋሽ ደበበ እጃቸው ግራሶ እንደሆነ ገቡ።

"ልጄን ሰጥቻለሁ" አሉ። "ለልጁ የሚመሰክርለት ሰው አግኝቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ያ ሹፌር ልጄን ጭኖ እንዳይነዳ።"

ኦቦ ቱሉ አጎቴን አዩ። አጎቴ መሬት አየ። መምሬ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

"ይባረራል" አለ አጎቴ። ከዚያ ሦስቱም ባንድ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

ጭንቁ የመጣው በቀለበቱ ቀን ነው። ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ጢሜን ተላጭቼ፣ የጋሽ ደበበን ጉልበት ልስም ጎንበስ አልኩ። አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝና አዩኝ፤ ደግመው አዩኝ። ብርቱካን እጄን ጨምድዳ ይዛለች።

"ያን ሹፌር ምን አደረግኸው?" አሉኝ።

"አባረርኩት፣ አባባ።"

"ደግ አደረግህ። ሰነፍ ነበር።" "ለአሠሪው ግን እንደሱ የሚሞት ሹፌር አላየሁም።"

ጉንጬን ሳሙኝ፣ ቤቱም በእልልታ ተሞላ።

እስከ ዛሬ ነገሩን አንስተን በግልጽ ተነጋግረንበት አናውቅም። እኔ ሳስታውሰው አሁንም ጆሮዬ ይግላል፣ ወዲያው ደግሞ ሳቄ ይመጣል። የሚያናድደኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። አማቼ እኔን በሰው ፊት ሲያመሰግኑኝ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም፤ ያን የተባረረ ሹፌር ግን በየበዓሉ እያነሱ ያወድሱታል። ብርቱካን ትስቃለች፣ እኔ እቀናለሁ።