ሳህኑ ፊት የተቀመጠው ደም መጣጭ

ከኮልፌ በወጣሁበት ምሽት ቤታችን በሸኚ ተሞልቶ ነበር፤ ግን ማንም አላለቀሰም። እኛ ሰፈር ሰው ሲሸኝ ይለቀሳል። ተጓዡ ለሥራ ይሂድ ለትምህርት፣ ሻንጣው ደጅ ከወጣ ማልቀስ የጎረቤት ግዴታ ነው። ያን ምሽት ግን ልጄ ሀያት ቴሌቪዥኑን ከፍታ ፊልም ጀመረች፤ ሊያለቅስ የመጣው ሁሉ ዓይኑን እዚያ ላይ ተከለ።

ፊልሙ የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ያበዱለት ነበር። ፊቱ እንደ ኖራ የነጣ፣ ዘላለም የማያረጅ ደም መጣጭ ጎረምሳ የአንዲት ተማሪ ፍቅር ይይዘዋል። ሳይጋበዝ የሰው ቤት መግባት አይችልም፤ ደጃፍ ላይ ቆሞ "ግባ" እስኪባል ይጠብቃል።

"ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው ይሄ?" አሉ እትዬ ዘይነባ፣ ኮልፌ ገበያ ቅመም የሚሸጡት ጎረቤታችን። እሳቸው እኛ ቤት ሲገቡ አንኳኩተው አያውቁም።

"እትዬ፣ እሱ እኮ ሰው አይደለም፤ ደም መጣጭ ነው" አለች ሀያት።

"ይሁና! ደም መጣጭ ስለሆነ ዘመድ የለውም? ለምን ሽማግሌ አይልክም?"

ቀጥሎ ልጅቷ ጎረምሳውን ቤቷ እራት ጋበዘችው። አባቷ ፊት ተቀመጠ፣ ሳህን ቀረበለት፣ አልነካውም። ይሄኔ ቤቱ በአንድ ድምፅ ተነሳበት። ደም መምጠጡን በትዕግሥት ያለፉት ሰዎች አለመብላቱን ሊያልፉት አልቻሉም። "የሰው ማዕድ የናቀ! የእኔ ልጅ ብትሆን አልድርለትም" ብለው እትዬ ዘይነባ ፈረዱ። ሰዉ እየሳቀ ሳለ ታክሲው ከደጅ ጡሩምባውን ነፋ። ተነስቼ ወጣሁ።

ሀያት ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። አባቷ ከሞተ ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን፤ እስካስመጣት እትዬ ዘይነባ ዘንድ ልትቆይ ተስማማን። ቢበዛ ዓመት ይፈጃል ብለን ነበር።

ያለሁባትን የሰሜን አገር ስም አልጠራም፤ ሀያትን ለማስመጣት ያስገባሁት ማመልከቻ ገና በእጃቸው ነው። በብርዱ ወራት እዚህ ፀሐይዋ ሰው እንደሞላ ሚኒባስ ናት፤ ብቅ ትልና ሳትቆም ታልፋለች። ሳይጋበዝ የሰው ቤት የሚገባ የለም። አንዴ ጎረቤቴ መታመሙን ሰምቼ ሾርባ ይዤ ባንኳኳ፣ በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈት አድርጎ "አፖይንትመንት ነበረን?" አለኝ። እኔም የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት እየሠራሁ ቀን ቀን መጋረጃ ዘግቼ እተኛለሁ። ማን ደም መጣጭ፣ ማን ሰው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

በመጀመሪያው ሳምንት አከራዬ መጥታ ደጃፌ ላይ ቆመች።

"ኮሪደሩ ይሸታል።"

"ምን ምን ይላል?"

"ነጭ ሽንኩርት።"

"ደም መጣጭ ያባርራል ይባላል።"

ትንሽ አሰበች። "ውላችን ላይ ስለ ደም መጣጭ የተጻፈ የለም" አለችኝ፣ ሳትስቅ። አገሩን ያን ቀን ወደድኩት።

የተማሩ ወዳጆቼ ያንን ፊልም የኮረዶች ቅዠት ነው ብለው ይጥሉታል። የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ አላየነውም ይላሉ፤ ግን የቱ ጋ እንደሚሳሳሙ ሁሉም ያውቃሉ። እኔ እስከ እራቱ ድረስ ብቻ ነው ያየሁት፤ ሆኖም ስለ ስደት ከተሠሩት ሁሉ እውነቱን የተናገረ እሱ ይመስለኛል። ልጁ ዕድሜውን ይዋሻል። ሰው ሲጠረጥረው ከተማ ይቀይራል። የሚበላውን ይደብቃል። ደጃፍ ላይ ቆሞ ግባ እስኪሉት ይጠብቃል። ከእኔ የሚሻለው ጊዜ ስላለው ነው። የእሱ ዕድሜ አይጨምርም፤ የእኔ ልጅ ግን አሥራ ስምንት ከሞላት በእነሱ ሕግ ልጅነቷ ያበቃል፤ እናቴ ዘንድ ልሂድ ማለትም አትችልም።

ወረፋችን ሲደርስ የኢሚግሬሽን ሰዎች ለየብቻ ጠየቁን፤ እኔን እዚህ፣ እሷን አዲስ አበባ። ሁለቱ መልሶች መግጠም አለባቸው።

"ከልጅዎ ጋር የመጨረሻውን ምሽት እንዴት አሳለፋችሁ?" አለችኝ ጠያቂዋ።

"ፊልም አየን። ደም መጣጭ ተማሪ ሲያፈቅር የሚያሳይ።"

የአገሬ ልጅ የሆነው አስተርጓሚ ዞር ብሎ አየኝ። "እህቴ፣ እንዲሁ ልተርጉመው?"

"እንዲሁ ተርጉመው።"

"በምን አለቀ?" አለች ጠያቂዋ።

"አላውቅም፤ ታክሲ መጣ።"

ከወራት በኋላ መልሰው ጠሩኝ። "ልጅዎ ዱዓ አድርገን፣ ተቃቅፈን ስናለቅስ አመሸን ብላለች" አለች ጠያቂዋ። "ስለ ፊልም አላነሳችም። የቱ ነው እውነቱ?"

"እኔ የሆነውን ተናገርኩ። እሷ መሆን የነበረበትን።"

አስተርጓሚው ይህንን ለማስረዳት ብዙ ደከመ። "እንግዲያው ይጣራል" አለች ሴትዮዋ፣ በትሕትና።

ቤት እንደገባሁ ሀያት ጋ ደወልኩ።

"ፊልሙን ለምን አልነገርሻቸውም?"

"እትዬ ናቸዋ! 'ልጇን ጥላ ስትሄድ የሰይጣን ፊልም ታይ ነበር ብትያቸው ምን እናት ናት ይሏታል፤ የቤትሽን ገመና ሸፍኚ' አሉኝ። ክብርሽን ልጠብቅ ብዬ ነው ማሚ።"

በኮልፌ ሚዛን አልተሳሳተችም።

"ደሞ ሆን ብዬ ነው የከፈትኩት" አለች። "ሰዉ ማልቀስ ከጀመረ እኔ እንደማልለቅሽ አውቅ ነበር።"

መጦሪያው ውስጥ ብዙ ነገር ሳይነካኝ ማለፍ ለምጃለሁ፤ ይሄ ግን ነካኝ። ወሬ ለመቀየር ብዬ መጨረሻውን ጠየቅኳት። "እንደገና ቢጠይቁኝ የምመልሰው አይጥፋ። ልጁ ምን ሆነ?"

"እኔ ምን አውቄ?"

"ያን ያህል ያበዳችሁለትን?"

"ጓደኞቼ ናቸው ያበዱት። አንቺ ስትወጪ አጠፋሁት። ሊነግሩኝ ሲሉ ጆሮዬን እይዛለሁ። አብረን እንጨርሰዋለን ብዬ ነዋ!"

መጪው መስከረም አሥራ ስምንት ይሞላታል። ልጁ እስከ ዛሬ እዚያው ነው፤ ሳህኑ ፊት ተቀምጧል፣ እራቱን አልነካም፣ እትዬ ዘይነባም ይሰድቡታል።