ጠመንጃ ታቅፎ ብድግ ያለው ዮናስ

ያን ቅዳሜ ጠዋት ዮናስ ከመኪናው ዕቃ ሲያወርድ ያየ ሰው ጦር ግንባር የሚዘምት ይመስለው ነበር...

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው፤ ሜልበርን። ወደ ሜልተን በሚወስደው መንገድ፣ ቤቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ አንድ የኢላማ ተኩስ ክበብ ነበር። እኔ ከፍሌሚንግተን እየነዳሁ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። የራሴ ጠመንጃ የለኝም። ሰደፉ በፕላስተር የተጠቀለለውን የክበቡን ጠመንጃ ነው የምዋሰው። ይመታል፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

ጓደኛዬ ዮናስ ግን ላይሰንስ ካወጣ ወር አልሞላውም። አዲስ የጀርመን ጠመንጃ፣ ክንድ የሚያህል የማነጣጠሪያ መነጽር፣ የቆዳ ጓንት፣ ክርኑ ላይ ስፖንጅ የተደረበበት ጃኬት፣ የሚተኛበት ልዩ ምንጣፍ፣ በዚያ ላይ የነፋስ መለኪያ... ነፋስ! ኢላማው እኮ እዚያው አፍንጫችን ሥር ነው፤ ድንጋይ ብትወረውር ይደርሳል።

ሰውየው እንዲህ ነው። ፎቶግራፍ ጀመርኩ ብሎ የሌንስ መዓት ገዛ፤ እሱ ባነሳን ፎቶ ሁሉ ጭንቅላት የለንም። ዓሣ ማጥመድ ጀመርኩ አለና ዘንጉን ገዛ፣ ቦቲውን ገዛ፣ በመጨረሻ ዓሣውንም ፉትስክሬይ ገበያ ሄዶ ገዛ። የናይት ሺፍት ኦቨርታይሙ በዚህ ያልቃል። እንደሱ የሚያናድደኝ ሰው የለም!

ያን ቀን ደግሞ የምናደድበት ሌላ ምክንያት ነበረኝ። ጋሼ ታምራት ሊመጡ ነው።

ጋሼ ታምራት ቸርች ውስጥ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው። ለእኔ ግን ከሁሉ በላይ የሳራ አባት ናቸው። እኔና ሳራ ልንጋባ ተስማምተናል፤ የቀረው የእሳቸው ፈቃድ ነው። እሳቸው ደግሞ እንደምተኩስ ሰምተው «ጠመንጃ ለሚወድ ሰው ልጄን አልሰጥም» ብለዋል። ሳራ ለምና ለምና «እስቲ በዓይኔ ልየው» አስባለቻቸው።

ዮናስን አስጠነቀቅኩት።

«ዛሬ ትልቅ ሰው ይመጣሉ። በእናትህ፣ እንዳታዋርደኝ!»

«ሪላክስ አድርግ» አለኝ ጓንቱን እያጠለቀ። «በዚህ ዕቃ ማን ይዋረዳል?»

መስመሩ ላይ ጎን ለጎን በሆዳችን ተኛን። ዮናስ የመነጽሩን ብሎን ሲያጠብቅ፣ ሲያላላ፣ ነፋሱን ሲለካ ቆየና አንዴ ተኮሰ።

«አየህ? መታሁ!»

«የኔን ኢላማ ነው የመታኸው።»

«እሱ ቀላል ነው፣ አድጀስት አደርገዋለሁ።»

እንደገና ብሎኑን ሲፈታ ከኋላችን የጋሼ ታምራት ድምፅ ተሰማ። ከአጥሩ ማዶ፣ ሱፍ ለብሰው፣ ባርኔጣ አድርገው፣ ከሳራ ጋር ቆመዋል።

«ጌታ ይባርካችሁ ልጆቼ!»

እዚህ ላይ ሕጉን ልንገራችሁ። ተኩስ ከተከፈተ ማንም ከተኛበት አይነሳም። አፈሙዝ ከኢላማው ወደ ሌላ አይዞርም። ማንም ይምጣ ማን፣ ያው ነው። ስለዚህ አልተነሳሁም። አንገቴን ብቻ መለስ አድርጌ አየሁ። ላቤ በጀርባዬ እየወረደ፣ አማቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ከኋላዬ ቆመው፣ እኔ እግሬን ወደ እሳቸው ዘርግቼ ተጋድሜያለሁ።

ዮናስ ብድግ አለ።

ጠመንጃውን እንደታቀፈ! ዞረ፣ ጎንበስ አለ፣ «እንዴት አደሩ ጋሼ!» አለ። አፈሙዙ በእኔ ጭንቅላት ላይ አልፎ የጋሼ ባርኔጣ ላይ ቆመ።

«ሲዝ ፋየር!» ተኩስ አቁሙ ማለት ነው።

የመስመሩ ኃላፊ፣ ፀሐይ ያቀላው ግዙፍ አውስትራሊያዊ፣ እየሮጠ መጥቶ ጠመንጃውን ከእጁ ነጠቀው። ሲከፍተው ባዶ ነው። ዮናስ ብሎን ሲፈታ ሲያጠብቅ ጥይት ማጉረስ ረስቷል... ያተረፈን ይኸው ነው። ኃላፊው ስድቡን አወረደበት፤ ከክበቡም አገደው። ዮናስ ደግሞ «ታዲያ ትልቅ ሰው ቆሞ እኔ ልተኛ?» እያለ በአማርኛ ይከራከረዋል!

መስመሩ ሲዘጋ ጋሼ ጋ ሄድኩ።

«አንተ» አሉኝ፣ «ትልቅ ሰው የምትቀበለው እግርህን አንፈራጥጠህ ነው?»

«ጋሼ፣ ሕጉ ነው። መነሳት አደጋ አለው።»

«እሱስ ተነሳ አይደል?»

«ሊገድልዎት ነበር እኮ!»

«በአክብሮት ነዋ» አሉ ኮስተር ብለው።

አለቀልኝ አልኩ በሆዴ፤ ሳራን የጀርመን ጠመንጃ ወሰዳት። ይሄን ጊዜ ኃላፊው ወደ ጋሼ መጣና ይቅርታ ጠየቃቸው። ቀጥሎ ወደ እኔ እየጠቆመ አንድ ነገር አለ፤ ሳራ ሳቋን እየታገለች ተረጎመች። «ዳዲ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው ሳይደናገጥ ሕጉን የጠበቀው እሱ ነው፤ መሣሪያ የማምነው ለእሱ ነው እያለ ነው።»

ጋሼ እኔን አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ውስጡን አዩ፣ መልሰው አደረጉ። ወደ መኪናው ሄዱ። ሳራ ልትነዳ ስትል መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«ሽማግሌ መላክ ትችላለህ። ግን ያ ትልቅ ሰው ሲያይ የሚነሳው ልጅ አብሮ ይምጣ። ጠመንጃውን ትቶ!»

ምን ላድርግ? ዮናስን ላኩት። የነበሩት እንደነገሩኝ፣ ለሽምግልናው የመጣው አዲስ ጋቢ ደርቦ፣ የዋጋው ወረቀት ያልተነሳለት አዲስ ከዘራ ይዞ ነው። ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም! ጋሼ ሳሎን ሲገቡ ከዘራውን እንደታቀፈ ብድግ ብሎ ሲዞር፣ ከጎኑ የተቀመጡት ሽማግሌ ለጥቂት ነው ጎንበስ ብለው ያመለጡት።

ሳራን ሰጡኝ። ዮናስ እስከ ዛሬ እሳቸው ቤት «የኔ ጨዋ» ነው የሚባለው... እኔ ግን ሶፋው ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር «እግርህን ሰብስብ» እባላለሁ።