ውሻችን ይርጋለም ሄዷል ተባልኩ

ውሻችን የሚጮኸው በቀበሌያችን ሊቀ መንበር ላይ ብቻ ነበር። ለወተት ሻጯም ለጎረቤት ልጆችም ጅራቱን ይቆላል፤ እሳቸው በአጥራችን ሲያልፉ ግን እስኪርቁ አይለቃቸውም። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩና ነገሩ ያስቀኝ ነበር። አባቴን አያስቀውም። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ በደርግ ጊዜ ደግሞ ሊቀ መንበር ያኮረፈበት ሰው እንቅልፍ አልነበረውም።

ውሻው የእኔ ነበር ብል ማንም አይከራከረኝም። አዋሳ ስንገባ ቡችላ ሆኖ በጉያዬ ነው የመጣው። ጠዋት እስከ ትምህርት ቤቱ በር ይሸኘኛል። እሑድ ሐይቁ ዳር ስንወርድ አጥማጆች የሚጥሉለትን የዓሣ ጭንቅላት ይበላና፣ አፉ እየሸተተ ፊቴን ሊልስ ይመጣል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢው ውስጥ ሰንሰለቱን ብቻ አገኘሁ።

"ይርጋለም፣ አክስትሽ ጋ ሄዷል" አለኝ አባቴ። "ግቢያቸው ሰፊ ነው፤ እዚያ ይሻለዋል።"

"ሳልሰናበተው?"

"መኪና በድንገት ተገኘ።"

እናቴ ወጥ ቤት ገባች።

ለአክስቴ ደብዳቤ ጻፍኩ። አባቴ ከመሥሪያ ቤት እልከዋለሁ ብሎ ወሰደው፤ በሁለተኛው ሳምንት መልሱን አመጣልኝ። ውሻው ወፍሯል፣ ከቡናው ውስጥ ጦጣ ያባርራል፣ ስምሽን ስጠራ ጆሮውን ያቆማል ይላል። ለጓደኞቼ ሁሉ አነበብኩላቸው። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ተጻጻፍን። ናፍቆቱን የቻልኩት በእነዚያ ደብዳቤዎች ነው።

ክረምት ላይ አክስቴ ሊታከሙ አዋሳ መጡ። ገና ሳይቀመጡ "ውሻዬ እንዴት ነው?" አልኳቸው።

"የምን ውሻ ነው ልጄ?"

"በየደብዳቤው የሚጽፉልኝ!"

"እኔ? ፊደል የት አውቄ!" ብለው ሳቁ። ወዲያው አባቴን አዩትና ሳቃቸው ተቋረጠ።

ደብዳቤዎቹን አምጥቼ ፊቱ ዘረጋኋቸው። "ማን ነው የጻፋቸው?"

"እኔ ነኝ" አለ።

ቀበሌው ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ ያስወግድ ነበር። ሊቀ መንበሩ አባቴን መንገድ ላይ አስቁመው "ጓድ፣ ያንተስ ውሻ ከዘመቻው ይቀራል እንዴ?" አሉት። አባቴ በማግስቱ ውሻውን ራሱ ወስዶ ለቀበሌው አስረከበ።

"ሽርሽር የምንሄድ መስሎት ከፊት ከፊቴ ይሮጥ ነበር" አለኝ፤ ዓይኔን ሳያይ።

ፍርሃቱ ዛሬ ይገባኛል። እኔም ኋላ ሥራ ስይዝ፣ ሳልወድ ያጨበጨብኩላቸው ሰዎች ነበሩ። ያንገበገበኝ ግን የውሻው ሞት ብቻ አልነበረም። "በደንብ ይበላል?" እያልኩ የጻፍኩትን አባቴ ቢሮው ተቀምጦ ያነብ ነበር፤ ከዚያ የእጅ ጽሑፉን አጣሞ ጦጣ ይፈጥርልኛል። እናቴም ታውቅ ነበር። እነሱ አዝነው ጨርሰዋል፤ እኔ ገና ያን ቀን ማልቀስ ጀመርኩ።

ያን ክረምት ከአባቴ ጋር ከአንድ ትሪ አልበላሁም። መስከረም ላይ በካርቶን ቡችላ ይዞልኝ መጣ።

"ስም አውጪለት" አለኝ።

ከቤት ወጣሁ። ቡችላውን እናቴ አሳደገችው፤ ብዙ ዓመት ግቢያችንን ጠበቀ። ጥፋት እንደሌለበት አውቃለሁ፤ ሆኖም አንድ ቀን እንኳ ጭንቅላቱን ዳብሼው አላውቅም።