ገባኝ ያልኩት ጃንጎ

አዳማ ያለው ቤታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር ታላቅ ወንድሜ ኮምፒውተሬን ያስከፍተኛል። መቂ ላይ ዝናብ ይኑር አይኑር የምትናገረዋን፣ እኔ የሠራኋትን ገጽ እንዳሳይለት ነው። መቂ ሽንኩርት የሚያለማው አባታችን መስኖ ከመልቀቁ በፊት በስልኩ የሚያያት እሷን ነው። ትንበያውን ራሷ አታውቀውም፤ በኤፒአይ ከሌላ ድረ ገጽ ጠይቃ ታመጣለች። ወንድሜ ደረቱን ነፍቶ፣ እህቴን ጃንጎ ያስተማርኳት እኔ ነኝ ይላል። እኔ ፈገግ እላለሁ፤ ሆዴ ግን ያውቃል።

ጃንጎ ድረ ገጽ የሚሠራበት ትልቅ ማዕቀፍ ነው፤ የሌለው ነገር የለም። የወንድሜ እንጀራም እሱ ነው። ከሥራ ደክሞ ገብቶ፣ እራቱን ሳይቀምስ አጠገቤ ተቀምጦ ያስረዳኝ ነበር። እኔን ግን የፋይሉ ብዛት ገና ከመጀመሪያው መውጫ አሳጣኝ። «ገባሽ?» ሲለኝ «ገባኝ፣ ወንድም ጋሼ» እላለሁ። እንዲያ ለፍቶ እንዴት ተደርጎ አልገባኝም ይባላል? ኋላ በስልኬ ቪዲዮ ሳይ ፍላስክ የሚባል ትንሽ ማዕቀፍ አገኘሁ። አንዲት ፋይል ከፍቼ ጥቂት መስመር ብጽፍ የመቂ ዝናብ ዱብ አለልኝ። ወንድሜ ገጿን እንጂ ኮዷን አይቶ አያውቅም፤ አምኖኛላ።

ባለፈው እሁድ አመሻሽ ላይ የአክስታችን ልጅ መጣች። ልብስ ፋብሪካ ትሰፋ ነበር፤ ትታ ድረ ገጽ መሥራት ልትማር ቆርጣለች። እናቷ የፈቀደችላት ክረምቱን ብቻ ነው፤ እስከዚያ ካልሆነላት ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። ከምን ልጀምር ብላ ጠየቀች። ወንድሜ አፍታም አላሰበ፤ ጃንጎ አለና እኔን ምስክር ጠራ። ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ አዎ አልኳት።

ወዲያው ማስተማር ጀመረ። ፋይል በፋይል ላይ ከፈተ፣ አብራራ፣ እጁን አወናጨፈ። ገባሽ ወይ አላት።

«ገባኝ ጋሼ» አለች።

ያቺን ድምፅ አውቃታለሁ፣ የራሴ ናት። አንጀቴን በላችው። እኔ ጊዜ ነበረኝ፤ የእሷ ክረምት ግን ገባኝ ስትል ሊያልቅ ነው።

«አልገባትም» አልኩ። «እኔም አልገባኝም ነበር። ገጿን የሠራኋት በፍላስክ ነው።»

ያችን አንዲት ፋይል ከፈትኩላቸው። ወንድሜ ከላይ እስከ ታች አነበባት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ስለፋ ዝም ብለሽ ታዪኝ ነበር?»

ይሉኝታ ይዞኝ ነው ብል ይብስበታል። ልጅቷ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ፣ ይቺ መስመር ምን ታደርጋለች ብላ ጠየቀችኝ። እሱ ቀስ ብሎ ተነሳና እራቱን ራሱ አቅርቦ ብቻውን በላ።