ስም ያልተጠራበት ጥሩምባ

አያ እንዳለው የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነው። ነበር ማለት ይከብደኛል እንጂ አሁንስ ነበር ነው።

ዳባት ላይ ሰው ሲሞት ከቤተሰቡ ቀጥሎ የሚሰማው እሱ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጎሕ ሲቀድ ከገበያው ላይ ተነሥቶ እስከ መናኸሪያው እየወረደ፣ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ ሲለፍፍ ኖሯል። እኔ ረህማ እባላለሁ። መንገድ ዳር ሱቅ አለኝ፤ ጨው፣ ገመድ፣ ሳሙና፣ በረኪና እሸጣለሁ። ከአያ እንዳለው ጋር የሚለየን አንድ አጥር ነው። እድራችን የክርስቲያንና የእስላም ድብልቅ ነው፤ ከእኛ ወገን ሰው ሲሞት ቀብራችን እንደማይቆይ ያውቃልና ርምጃውን ያፈጥናል። እናቴ የሞተች ቀን ሲጣደፍ አንድ ጫማው ወልቆ ቀረ፤ ቀሪውን መንገድ በአንድ እግሩ ጫማ ነው የጨረሰው። በኋላ ጫማውን ፈልጌ ሳመጣለት አፈረ።

ሁለት ሕግ ነበረው። ሰው ሳይሞት አይነፋም። ሐዘንተኛን ደግሞ «ማን ሞተብህ?» ብሎ አይጠይቅም። ሐዘን ያለበት ሰው በሩን ሲመታ ዝም ብሎ የእድሩን ድንኳንና አግዳሚ ያወጣል፣ ከዚያ እስኪነገረው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ለምን እንደማይጠይቅ አንድ ቀን ጠየቅኩት። «ሲችል ይነግረኛል» አለኝ።

መርዶ ሲሆን ግን የሟቹን ስም አይጠራም። ሩቅ አገር የሞተ ሰው ሲኖር፣ ቤተሰቡ ሳይሰማ ጎረቤት ቀድሞ መሰብሰብ አለበት። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ይነፋና «እድርተኛ፣ እገሌ ቤት» ብሎ ብቻ ያልፋል። ያን ጥሩምባ የሰማ ሁሉ የራሱን ሰው ነው የሚያስበው። ከእኛ ሰፈር ልጁን ወይም ወንድሙን ሩቅ ያልሰደደ ማን አለ?

አንድ ልጅ አለችው፣ ማርያማዊት። እናቷ በወሊድ ስለሞተች ብቻውን ነው ያሳደጋት። ሂሳብ አስተማሪ ናት፤ ደረቅ ናት፣ አንዴ ከያዘች አትለቅም። የሰፈራችን ቦኖ ውሃ ካቆመ ሁለት ዓመት ሲሞላው ለምን ብላ ጠየቀች፣ መልስ አጣች፣ ለወረዳው ምክር ቤት በግሏ ተወዳደረች። ምልክቷ ቁልፍ ነበር። የተወዳደረችው ከአቶ ኪዳነ ማርያም ጋር ነው። እሳቸው የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ የገዥው ፓርቲ ሰው፣ በዚያ ላይ የእድራችን ዳኛ ናቸው። አሥራ አራት ዓመት ያችን ወንበር ይዘዋል። የፓርቲያቸው ምልክት ዋርካ ነው፤ መፈክሩም «የነበረው ይጽና» የሚል ነው። እንዳለውን አንተ እለዋለሁ፣ እሳቸውን እርስዎ እላቸዋለሁ። የምወደው ማንን እንደሆነ ከዚህ ተረዱልኝ።

እሑድ ምርጫው ተደረገ፤ ሰኞ ጠዋት ውጤቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። ቁልፍ ስድስት መቶ አሥራ አንድ፣ ዋርካ ዘጠና አራት። ሌሎች ቀበሌዎችም ውስጥ ፓርቲው ወንበር አጥቷል አሉ። እልል ያለ ግን አልነበረም። ሰው ይመጣል፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያነባል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ይሄዳል። ሱቄ የገባ ሁሉ «እኔስ እሑድ ታምሜ ነበር» ይለኛል። ያን እሑድ ዳባት ባንድነት ታሞ ነበር መሰለኝ። ጣታቸው ላይ የምርጫው ቀለም ስላለ በረኪናዬ በአንድ ከሰዓት አለቀ። ስድስት መቶ አሥራ አንድ ሰው መርጧታል፣ እኔ ግን የመረጣት አንድ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ምን እቀባጥራለሁ፣ እኔም ያው ነኝ። ቁልፍን መርጬ ጣቴን በሎሚ ስፈትግ ዋልኩ።

ማርያማዊት እንኳን ደስ አለሽ የሚላት ሰው ይመጣል ብላ ከእኔ አንድ ሳጥን ለስላሳ ወሰደች። ማክሰኞ ማታ ሳጥኑን እንዳለ መለሰችልኝ። አንዱም አልተከፈተም። «ይቆይልሽ» አልኳት። «የሚጠጣው የለም፣ እትዬ» አለችኝ። ዓይኗን ማየት አቃተኝና ሳጥኑን ከባንኮኒው ሥር ገፋሁት።

ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ አቶ ኪዳነ ማርያም ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የአያ እንዳለውን በር መቱ። «ሐዘን አለብኝ። ድንኳኑን አውጣልኝ። ስትነፋ ስም አትጥራ፤ ሰዉን ወደ እኔ ቤት ላከው» አሉት። እሱ ለባለቤታቸው የሚረዳ መርዶ አለ ብሎ አሰበ፤ ልጃቸው ሩቅ አገር የጭነት መኪና ሾፌር ነው። እንደ ሕጉ ምንም አልጠየቀም። ድንኳኑን ተከለ፣ ሦስት ጊዜ ነፋ።

ሰዉ ከየቤቱ ወጥቶ ተሰበሰበ። ባለቤታቸው ዓለምዬ ብቅ ብላ እኛን ስታይ በሩ ላይ ተዘረጋች። «ልጄን ነው? ልጄን ነው?» ትላለች። ሴቶች ያዝናት፤ እኛም ማልቀስ ጀመርን፤ ያው በእሷ አድርገን የየራሳችንን ነው የምናለቅሰው። አቶ ኪዳነ ማርያም ቆመው አዩን። ሲያዩን ቆዩ። ሚስታቸው መሬት ላይ እየተንፈራገጠች እሳቸው ማን እንደመጣ ማን እንደቀረ ይመለከቱ ነበር። ከዚያ በቀስታ፣ «ልጃችን ደህና ነው። የሞተው ሰው አይደለም። የሞተብኝ አምኜው የኖርኩት ሕዝብ ነው። እስከሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ሐዘን እቀመጣለሁ፤ ተቀመጡ» አሉ።

ያ ሐሙስ ማርያማዊት ቃለ መሐላ የምትፈጽምበት ቀን ነው። ይህን የማያውቅ አልነበረም። አንድ ሰው ነጠላውን አስተካክሎ ቢነሣ ሁላችንም እንነሣ ነበር። የተነሣ የለም። ተቀመጥን። ሞት በሌለበት «እግዜር ያጽናዎት» አልን፣ እኔም ከነሎሚዬ ሽታ «አላህ ሶብሩን ይስጥዎ» አልኩ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሰዉ ወደዚያ ድንኳን ይሄዳል። ከደባርቅ በመኪና የመጡ የፓርቲው ሰዎችም ከነኮታቸው አግዳሚው ላይ ተደርድረው ዋሉ።

አያ እንዳለው ሱቄ መጥቶ ጨው ከረጢቱ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሰው ሳይሞት ነፋሁ እኮ፣ ረህማ» አለኝ።

«አታለሉህ እንጂ አንተ ምን አጠፋህ?»

«ነፋሁ። ድንኳንም ያለ ሬሳ ቆሟል። ባየሁት ቁጥር ሬሳውን የሚጠብቅ ይመስለኛል። ቀኑንም አስበሽዋል? እስከ ሐሙስ ነው ያሉት።»

ስኳር ጠቅልዬ ሰጠሁት። እሱ ግን ከዚያው ተነሥቶ ወደ ድንኳኑ ሄደ፤ ፈርቼለት ተከተልኩት። አቶ ኪዳነ ማርያም ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ጌታዬ፣ ድንኳኑን ልውሰድ» አላቸው።

«ሐዘኔ አላለቀም።»

«የሞተ ሰው የለማ።»

«ሐሙስ ገና ነው» አሉት ሻያቸውን እያማሰሉ። «ልጅህ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«እግዜር ይጠብቃት። ጥሩምባውን እዚህ ተወው፤ ደክመሃል። እድሩ ሌላ ሰው ይፈልጋል።»

ጥሩምባውን ከትከሻው አውርዶ አግዳሚው ላይ አኖረው። ሃያ ስድስት ዓመት የያዘውን ነገር ሲያኖር እጁ የት እንደሚውል ጠፋው። ያኔ አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

ልጁን ሦስት ቀን ለመናት። በአጥሩ በኩል እሰማቸው ነበር። «ተይው በቃ፣ ወንበሩ ይቅርብሽ» ይላል። እሷ ደግሞ «አባዬ፣ ድንኳን እኮ ጨርቅ ነው። ጨርቅ ፈርቼ የሰው ድምፅ ልጥል?» ትለዋለች። እውነቷን ነው። እኔ በአጥር ማዶ ሆኜ ትክክል ናት እላለሁ፣ ግን ደግሞ እሺ በይው እላለሁ። ሁለቱንም በአንድ ልብ።

በሳምንቱ ረቡዕ አዲስ ለተመረጡት ሰዎች ደባርቅ ላይ ስልጠና ስለነበር ሄደች። እዚያ አድራ ሐሙስ ጠዋት በሚኒባስ ትመለሳለች፤ መሐላው አራት ሰዓት ላይ ነው። ለዚያ ቀን ያሰፋችውን ነጭ ቀሚስ በፌስታል አንጠልጥላ ስትወጣ አየኋት። ደባርቅ ላይ ኔትወርክ ከማክሰኞ ጀምሮ የለም።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ጥሩምባ ተነፋ። ሦስት ጊዜ። አነፋፉ የእንዳለው አይደለም፤ የእሱ ጫፉ ላይ ይረዝማል፣ ይሄ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከዚያ ድምፁን የማላውቀው ሰው «እድርተኛ፣ እንዳለው ቤት» ብሎ አለፈ። የሟች ስም አልጠራም።

ስወጣ ድንኳኑ አያ እንዳለው በር ላይ ቆሟል። ካስማው ተመቷል፣ አግዳሚው ተደርድሯል። መቼ እንዳመጡት አላህ ይወቅ። ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን ዘቅዝቆ ይመጣል። አያ እንዳለው በሩን ከፍቶ ወጣ፤ አንድ እግሩ ጫማ አለው፣ አንዱ ባዶ ነው። ድንኳኑን አየ። እኛን አየ።

«ማን ሞተ?» አለ።

በሕይወቱ ጠይቆት የማያውቀውን ነው የጠየቀው። ማንም አልመለሰለትም። እኛም እኮ አናውቅም፤ ግን ያላወቀ ሰው ዝም ሲልና መርዶ የያዘ ሰው ዝም ሲል ልዩነቱ አይታይም። እሱ ደግሞ ያን ዝምታ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ሃያ ስድስት ዓመት ለሰው ሲያመጣው ኖሯል። ወደ እኔ ዞረ። «ረህማ፣ ማን ሞተ?»

«ወላሂ አላውቅም፣ አያ» አልኩት።

እንደ ማባበያ ወሰደው። ሰው መርዶ ሲይዝ እንዲያ ነው የሚለው። መሬት ላይ ተቀመጠና አፈሩን በእጁ መዳበስ ጀመረ። ሴቶች አለቀሱ። ስልክ ብንደውል የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም ይላል። እኔም አመንኩ። ማርያማዊት ሞታለች ብዬ ደረቴን መታሁ። አቶ ኪዳነ ማርያም መጥተው እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው «አይዞህ» አሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሦስት ሰዓት እስኪሆን እንዲህ ተቀመጥን።

ሚኒባሱ መንገድ ዳር ሲቆም ያየሁት እኔ ነኝ። ማርያማዊት ነጩን ቀሚስ ለብሳ ወረደች። በአባቷ በር ላይ የቆመውን ድንኳን አየች። ቦርሳዋን ጣለችና «አባዬ! አባዬ!» እያለች እየጮኸች ሮጠች። እሷ እሱ የሞተ መስሏት ነው፤ እሱ እሷ የሞተች መስሎት ነው። ድምፅዋን ሲሰማ አፈሩን ተደግፎ ሊነሣ ሞከረ። መጥታ ወደቀችበት። የነጩ ቀሚስ ጉልበት አፈር ሆነ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ የሞተ የለም ማለት ነው» አሉ አቶ ኪዳነ ማርያም። ሰዓታቸውን አዩ። «አራት ሰዓት ሊሆን ነው። ትሄጃለሽ፣ ልጄ?»

ማርያማዊት አባቷን አየችው። ከንፈሩ ደርቋል፣ ቀሚሷን በሁለት እጁ ጨብጦ አይለቃትም። እኛን አየችን፤ ስድስት መቶ አሥራ አንዳችንን። መሬት መሬት አየን። ሰው ያነሣላትን ቦርሳ ከፍታ ከደብተሯ አንድ ገጽ ቀደደችና አግዳሚው ላይ ተደግፋ ወንበሩን መልቀቋን ጻፈች። አቶ ኪዳነ ማርያም አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ፀሐይ ነው፤ ሰዉ ውሃ እንኳ አልቀመሰም» ብለው ሄዱ።

ከዚያ ሰዉ እፎይ አለ። «ተመስገን፣ ዋናው ጤና ነው» አለ ሁሉም። ጎረቤት ዳቦ አመጣ፣ ሽሮ አመጣ፣ ስትመረጥ በሯን ያልረገጠ ሁሉ ያን ቀን ያላትን ይዞ መጣ። አያ እንዳለው ጥሩምባው ቢመለስለትም ከዚያ ወዲያ አልነካውም። አሁን ሌላ ሰው ይነፋል፤ ሰዉም በሩ ላይ ቆሞ «እውነት ነው?» እየተባባለ ይጠያየቃል።

እኔ ያን ቀን ወደ ሱቄ ገብቼ ከባንኮኒው ሥር ያችን ሳጥን ለስላሳ ሳብኩ፣ ማርያማዊት ሳትከፈት የመለሰቻትን። ድንኳኑ ውስጥ ላሉት አንድ በአንድ ከፍቼ አደልኩ። ሰዉ ጠምቶት ነበርና ሁሉም ጠጣ። እኔም ጠጣሁ።