ያወጡልኝ የክብር ስም

አሰልጣኙ በዚያ ስም ሲጠራኝ፣ ትርጉሙን እዚያው መድረክ ላይ ብነግረው ኖሮ የሚያፍረው ማን ነበር? እሱ? እነሱ? ወይስ እኔው? ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሆሳዕና በምሠራበት ትምህርት ቤት ነው።

በልጅነቴ ልምሻ ስለያዘኝ በክራንች ነው የምሄደው። «እሷ ተምራ የት ልትደርስ» ተብሎ አንደኛ ክፍል የገባሁት እኩዮቼ ሰባተኛ ሲደርሱ ነው። አሁን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ።

ሥልጠናው አካል ጉዳተኞችን በአክብሮት ስለመጥራት ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣው አሰልጣኝ ትሑት ሰው ነው። «አንካሳ፣ ሽባ፣ ደንቆሮ አንበል፤ አካል ጉዳተኛ፣ መስማት የተሳነው እንበል» አለን። ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ጻፈ። ከዚያ በአካባቢው ቋንቋ ጥሩ የአክብሮት ቃል እንዳለ ጠየቀ።

የስፖርት መምህሩ እጁን አውጥቶ በሀዲይሳ አንድ ቃል ተናገረ። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። እግሯ ተሰብሮ ከእርድ በቀር ለምንም የማትሆን ላም የምትጠራበት ነው።

«ምን ማለት ነው?» አለ አሰልጣኙ።

«ፈተና የማይበግራት፣ የተከበረች እመቤት እንደ ማለት» አለው፣ ፈገግ እንኳ ሳይል።

«ጌታ ይባርክህ፣ አሳምረህ ተረጎምከው!» አለች የሒሳብ መምህርቷ። ከኋላ አንዱን ሳቅ አንቆት ሳል አስመሰለው። የሺንሺቾ ልጅ ስለሆንኩ፣ አፌን የፈታሁትም በከምባትሳ ስለሆነ፣ ሀዲይሳ የማልሰማ መስሏቸዋል። ብትሰማስ ምን ታመጣለች ብለውም ይሆናል።

አሰልጣኙ ቃሉን ደጋግሞ አጠናው። ሲሳሳት ያርሙታል። መዝጊያው ላይ ወደ መድረክ አስወጣኝና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በዚያ ቃል ጠራኝ። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። እሱም ደስታ መስሎት አብሮ ሳቀ። «አመሰግናለሁ» ብዬ ወረድኩ። ደረጃው ላይ እጁን የዘረጋልኝ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ስሜ እሱ ሆነ። ፊቴን ባጠቁር፣ «ምነው፣ የክብር ስምሽ አይደል እንዴ!» የሚለኝ ራሱ ርዕሰ መምህሩ ነው።

ዘንድሮ ባሏ ወደዚህ ተዛውሮ ከጎንደር የመጣች ወጣት የአማርኛ መምህርት ተቀጠረች። ጠዋት ጠዋት ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ በዚያው ቃል ሰላም ትለኛለች። እሷንም አስጠንተዋታል። ባለፈው ሳምንት መጽሐፍ ልትመልስ ስትመጣ አስቀመጥኳትና ትርጉሙን ነገርኳት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ እትዬ! እኔ እኮ ስልኬ ላይም በሱ ነው የመዘገብኩዎት» አለች። ስልኩን አወጣችና ቃሉን አጠፋችው። «ስምዎ ማን ነው?» አለችኝ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ። ከመስከረም ጀምሮ አብረን ስንሠራ ስሜን አታውቀውም ነበር።

ከነአባቴ ነገርኳት። አንድ ፊደል ስትስት አረምኳት። ለሰው ሲናገሩት ይቀላል ይላሉ፤ እኔን ግን ንዴቱ ገና ያን ቀን ጀመረኝ።